ሳያዩ የማይፈርሙት መካኒክ

የያዙኝ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ላሊበላ ስወጣ፣ የነአኩቶ ለአብ መገንጠያ ኬላ ላይ ነው። ሚኒባሴ ባዶ ነበረች። የማመላልሰው እንግዳ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ለራሴ እየዘፈንኩ ነበር የምነዳው፤ ፈታሹ «ምን ያስደስትሃል?» አለኝ። ከዚያ የመኪናዋን ኪስ ከፍቶ ደብተሬን አገኘ።

ደብተሬ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «ገብርኤል፣ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ዘገየ። ማርያም፣ በሰዓቱ። መድኃኔ ዓለም፣ ጭራሽ ቀረ።» አውሮፕላን መቼ እንደሚያርፍ ካላወቅኩ እንግዳ ስለሚያመልጠኝ ለዓመታት ስመዘግበው የኖርኩት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ቀን የሚጠራው በታቦቱ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ብሎ የሚጽፍ እንኳ በልቡ ገብርኤል ይላል። ጊዜው ግን ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ነበር። የአውሮፕላን መግቢያና መውጫ መዝግቦ የያዘ ሹፌር ለፈታሹ ሹፌር ብቻ አልመሰለውም።

ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። አንዲት ትንሽ መስኮት ጣሪያው ሥር አለች። ግድግዳው ጥግ የተረሳ ገብስ ነበር፣ አይጦቹ ከኛ የተሻለ ይበሉ ነበር። አሥራ አንድ ሰው እግሩን አጥፎ ተቀምጦ ያየኛል። ዕንባዬ ሊመጣ ሲል ከበሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ቦርዲንግ ካርድ!» አሉኝ።

ደንግጬ ቆምኩ።

«እንኳን ደህና መጡ። የዛሬው በረራ ለጥቂት ቀናት ዘግይቷል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ።

ሽማግሌው ሰባን ያለፉ የላስታ ሰው ናቸው። የአውሮፕላን ጥገና ተምረው፣ ውቅያኖስ በምትነካ በአንዲት ትንሽ አገር የዚያችን አገር አየር መንገድ አውሮፕላኖች ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ነበሩ። እሳቸው የታሰሩት፣ ፓይለቶች ሲነጋገሩ የሚሰሙባት አሮጌ ሬዲዮ ቤታቸው ተገኝታ ነው። የኔን ጉዳይ ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። «በአውሮፕላን ጦስ የገባን ሁለት ሆንን በለኛ! ና፣ የሙያ ባልደረባዬ፣ የመስኮቱን ወንበር ላንተ ለቅቄያለሁ» አሉና በመስኮቷ ትይዩ ቦታ ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ የዚያን አየር መንገድ ታሪክ ይተርኩልን ነበር። ሲጀመር ሦስት አውሮፕላን ነበረው። ለአንዷ ዕቃ ሲጠፋ ከሌላዋ ይፈታል። «ሁለቱን በልተን ሦስተኛዋን አበረርናት» ይላሉ። ከተበሉት በአንዷ ውስጥ ዶሮ ጫጩት ፈልፍላለች። አንድ ጊዜ ደግሞ የአገሪቱ መሪ ሚስት አውሮፕላኗን ለራሳቸው ጉዳይ ይዘው ሄዱና፣ አንድ ተሳፋሪ አውሮፕላኗን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ትኬት የምትቆርጠዋን ልጅ አግብቶ ቀረ። የኩልመስክ ልጅ የሆነው ጠባቂያችን በሩን ከውጭ ተደግፎ «ከዚያስ፣ አባባ?» ይላል። ጋሸና ላይ ሱቅ ያለው፣ ከጎኔ የሚተኛው ነጋዴ ደግሞ «ወላሂ፣ ይህ የጋሸና መናኸሪያ ነው እንጂ አየር መንገድ አይደለም» እያለ ሁላችንንም ያስቃል።

አንድ ነገር ግን አይነግሩንም ነበር፤ አየር መንገዱ እንዴት እንደተዘጋ። እዚያ ሲደርሱ «የቀረው ነገ» ብለው ይተኛሉ።

የሚቆጥሩት ነገርም ነበራቸው። ሴት ልጃቸው ስንት ዓመት ተስላ፣ ስንት ጸበል ዞራ በመጨረሻ ሴት ልጅ ወልዳለች። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ቅዳሜ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ድረስ እኔ ነኝ የማቅፋት ብለው ቃል ገብተዋል። በየማለዳው «ሰባ አራት ሞላት»፣ «ሰባ አምስት ሞላት» ሲሉ እኛም አብረን መቁጠር ጀመርን።

ሰባ ስምንት በሞላት ቀን ሽማግሌውንና እኔን አንድ ላይ ጠሩን። መርማሪው ወጣት ነው፤ ትሑት፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል። ደብተሬንና አንድ የተተየበ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት» አለ። «ወረቀቱ ‹ይህን ደብተር መርምሬ የስለላ መዝገብ መሆኑን አረጋግጫለሁ› ነው የሚለው። ይፈርሙና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ። ቅዳሜ ክርስትና አለብዎት አሉ።»

እውነቱን ልናገር፣ በሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ እፈርም ነበር።

«እሺ» አሉ ሽማግሌው። «ሳላይ ግን አልፈርምም። መነጽሬን ወስዳችሁብኛል፣ አምጡልኝ።»

መነጽሩ መጣ። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።

«ይቺ ጊዮርጊስ ላይ ያለች ክብ ምንድን ናት?»

«ጎማ የፈነዳበት ቀን ነው፣ ጋሼ።»

«የአውሮፕላኗ?»

«ኧረ የኔ!»

መርማሪው ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። እሳቸው ቀጠሉ። «ኪዳነ ምሕረት ሁለት ሰዓት ዘገየ ብለሃል። ተሳስተሃል፤ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው። እኔ ራሴ ሰምቻታለሁ።» አንድ ገጽ ሳይዘሉ ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ» አሉት መርማሪውን፣ «በኛ ሥራ መካኒክ ካልፈረመ አውሮፕላን አይነሳም። አንድ ቀን በቀረችን አውሮፕላን የሞተር ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ አየሁ፤ ሞተሯ ከውስጥ እየተፋቀ ነው ማለት ነው። በማግስቱ ትላልቅ ሰዎችና ብዙ ሕዝብ ልትጭን ነው። ፈርም አሉኝ፣ አልፈርምም አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም፤ አየር መንገዱም ተዘጋ። ጓደኞቼ እንጀራችንን የቆረጥክ አንተ ነህ ብለው ሳይሰናበቱኝ ተለያየን። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ምናልባት ደህና ትበር ነበር እኮ።»

ከዚያ እስክሪብቶውን አንስተው፣ ከተተየበው ሥር በእጃቸው እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «መርምሬያለሁ። ብልሽት አልተገኘበትም።» ፈረሙ። ቀን በሚለው ቦታ «ሚካኤል» ብለው ሞሉ።

መርማሪው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። «ክርስትናውስ?» አላቸው ቀስ ብሎ።

«እሱን ቄሱ ያውቁበታል» አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ አልቆጠሩም። በረራ መዘግየቱንም አላስታወቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ፤ እኔም የምገባበት አጣሁ። ረፋድ ላይ የኩልመስኩ ጠባቂ ከቤታቸው የተላከ ድፎ ዳቦ ይዞ ገባ። «ተጠመቀች፣ አባባ። አልቅሳ አልቅሳ ቄሱን አስቸገረች አሉ» አላቸው። ያን ጊዜ የጋሸናው ነጋዴ ብድግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ክቡራን ተሳፋሪዎች» አለ የሳቸውን ድምፅ አስመስሎ፣ «አሁን ምግብ ይታደላል። አባባ፣ አላህ ያሳድግልዎ።»

ሽማግሌው ዞሩ። እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ዳቦውን ቆርሰው መጀመሪያ ለጠባቂው ሰጡት። እየበላን ሳለ አውሮፕላን በላያችን አለፈች። ሁላችንም እሳቸውን አየን።

«ሞተሯ ጤነኛ ናት» አሉ።

እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈታሁ። ደብተሬን ሲመልሱልኝ ያቺ ወረቀት ለሁለት ተጣጥፋ ውስጡ ነበረች። መርማሪው ረስቷት ይሁን አውቆ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ከወር በኋላ ወጡ። የልጅ ልጃቸው አሁን ትሮጣለች፤ ሚኒባሴን ባየች ቁጥር ካልነዳሁ ትላለች። እኔም እንግዳ በመጣ ጊዜ ማረፊያው እወርዳለሁ፣ ደብተሬንም እጽፋለሁ።

ባለፈው እሑድ ከሽማግሌው ደጅ ፀሐይ ስንሞቅ ያቺን ያልፈረሙላትን አውሮፕላን ነገር ደግመው አነሱብኝ። «ምናልባት ትበር ነበር፣ አይደል?»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «በዚያ ቀን ሳንበር ቀረን ብለው ተናደው ቤታቸው የገቡ ሰዎች አሉ። ዛሬ እንደርስዎ የልጅ ልጅ ያቅፋሉ፤ እርስዎን ግን አያውቁም። እኔ ግን አውቅዎታለሁ። በሐሰት አልፈረሙብኝምና፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እንግዲያው ቦርዲንግ ካርድህን አሳየኛ!»

ተነስቼ ከመኪናዬ ኪስ ያቺን ወረቀት አወጣሁና ሰጠኋቸው። ወዲያው ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። መነጽራቸውን እየፈለጉ ነበር።