ለብቻው የቆመው ደወል ቤት

አሜሪካ፣ ክሪስታል በምትባል ከተማ ተቀጥሬ በቤታቸው የምንከባከባቸው እማማ የፊሊፒንስ ሰው ናቸው። ጃፓኖች አገራቸውን ሲይዙ ልጅ ነበሩ። ዛሬ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አያዩም፤ አፋቸው ግን እንዳለ ነው።

አንድ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ክርክር ነበር። የከተማቸው ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ከሕንጻው ተነጥሎ፣ ከሜዳው ማዶ ለብቻው ይቆም ነበር ይላሉ። ነርስ ልጃቸው፣ “ማሚ፣ ደወል ቤትማ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ነው የሚሠራው፤ ተምታቶብሻል” ትላቸዋለች። እኛ አገርም ለብቻው እንደሚቆም ብነግራት፣ “ያንቺ አገር ሌላ ነው” አለችኝ። “ተምታቶብሻል” ማለት ካበዛች ወዲህ ስለ አረጋውያን መጦሪያ ማእከል በስልክ መጠየቅ ጀምራለች። እማማ ይህን ሰምተዋል።

“ስሚኝ ልጄ፣” አሉኝ ጸጉራቸውን ሳበጥርላቸው፣ “ደወል ቤቱ ሥር የጃፓን ዘበኛ ነበር። ያላጎነበሰለትን በጥፊ ነው የሚለው። ውኃ ልቀዳ ስወርድ በየጠዋቱ አጎነብስለት ነበር፤ ምላሴን አውጥቼ!”

“ምላስዎን?”

“ባርኔጣዬ ሰፊ ነው፣ ምን ያያል? ታዲያ ይህን ያደረግሁበትን ቦታ እረሳለሁ?”

ቅዳሜ ፍሮግታውን ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለዚያ ዘመን ፊልም ይታያል፣ የእማማ ከተማም አለበት ተባለ። ልጃቸው ሺፍት ነበረባት። “አንቺ እዪልኝ፤ አንቺ አትዋሺም” አለችኝ። እማማን ይዤ ድራይቭ አደረግሁ።

ፊልሙ የአሜሪካ ሲኒማ ሲከለከል መድረክ ላይ ወጥተው ሕዝቡን ስላሳቁ ቀልደኞች ነው። የጃፓን ወታደሮች የፊት ወንበር ላይ ሆነው ይንከተከታሉ፤ የሚሳቅባቸው ራሳቸው መሆናቸውን አያውቁም። እማማ ቋንቋቸው ነውና ከሁሉ ቀድመው ይስቃሉ፤ እኔ የሚታየውን በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ።

በመካከሉ የዚያን ጊዜ የተነሣ፣ የሚንቀጠቀጥ ጥቁርና ነጭ ምስል መጣ። ሰዎች ተንበርክከዋል። አባታችን ሆይ እየተባለ መሆኑን ከግርጌው ጽሑፍ አነበብሁ፤ እማማም አብረው ማለት ጀመሩ። ሳላስበው ብድግ አልሁ። አባታችን ሆይን ተቀምጬ ብዬ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን ደፍቼ በልቤ አደረስሁ።

“እህቴ፣ ተቀመጪልን እንጂ!” አለ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ። “ያንቺን ጀርባ ልናይ ነው እንዴ የመጣነው?”

ዓይኔን ስገልጥ ቀልደኛው ተመልሷል።

“አየሽው?” እማማ እጄን ጨበጡኝ። “ከተማዬን ሲጠሩ ሰማሁ።”

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ደግሞም አምናቸዋለሁ። ግን ማመን ሌላ፣ ማየት ሌላ።

“እማማ፣ ጨፍኜ ነበር።”

“ለምን?”

“እየጸለይሁ።”

ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። “ዓይን ያላት ሰው ይዤ ብመጣ፣ እሷም ጨፈነች!”

ሳቃቸው ሲያበቃ ግን እጄን አልለቀቁም። ፊልሙ እንዳለቀ፣ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ እኔ፣ የፊልም ማሳያው ማሽን ጋ ወደ ቆሙት ሽማግሌ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። እሳቸውም ለአዳራሹ አስረድተው ያን ቦታ ደግመው ሊያሳዩ መለሱት። ኮቱን ሊለብስ የተነሣ ሰው እንኳ ተመልሶ ተቀመጠ።

“እህታችን ላለመቆም ቃል ትግባ!” አለ ያ የኋላው ሰውዬ።

ቃል ገባሁ። በዚህኛው ዙር ዓይኔን ሳላርገበግብ አየሁ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ከድንጋይ የተሠራ ደወል ቤት፤ ሥሩ ጠመንጃ የያዘ ወታደር።

“ለብቻው ነው እማማ! ዘበኛውም ቆሟል!”

“አለ?” አሉ። ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀስ ብለው አጎነበሱና ምላሳቸውን አወጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ከፊልሙ ላይ በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ ማታ ከሥራ ስትገባ ለልጃቸው አሳየኋት። አጉልታ፣ አዙራ፣ ብዙ አየችው። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

“ማሚ፣ ይቅርታ።”

“ሌላም አለ፣” አሉ እማማ። “ልጅ ሳለሽ ዓሣ ትወጂ ነበር። አልወድም የምትዪው ተምታቶብሽ ነው።”

ልጃቸው ሳቀች፤ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። “እሺ፣ እስቲ ስለ ዘበኛው ከመጀመሪያው ንገሪኝ።”

ስለ ማእከሉ ከዚያ ወዲህ ሲነሣ አልሰማሁም። ዓሣውን ግን አሁንም እየተከራከሩበት ነው።