ስክሪኑ ላይ የወጣው የጋሽ ሸሪፍ ፓስወርድ

ቴፒ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ቴክኒሻን ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ጉንዳን ማጽዳት ነበር። የኮምፒውተር ላቡ ኃላፊ አቶ መሰለ የአንዱን ኮምፒውተር ክዳን ፈትተው አሳዩኝ። ውስጡ በጉንዳን ተሞልቷል። «እዚህ ከቫይረስ በፊት የሚያስቸግርሽ ይሄ ነው» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ብሩሽ ሰጡኝ።

በክረምት እየተማርኩ ከዓመታት በኋላ አስተማሪ ሆንኩ። ስማርት ስልክ በከተማው የበዛበት ጊዜ ነበር። የምርምር ርእሴ ሰው በሐሰተኛ ዋይፋይ እንዴት እንደሚታለል ነበር። በኮሌጁ የምርምር ጉባኤ ላይ በቀጥታ ላሳይ ስል አቶ መሰለ አልወደዱትም።

«ስላይድሽን አሳይተሽ ውረጂ።»

«ስላይድ ብቻ ካሳየሁ ማን ያምነኛል?»

«እንግዲያው በራስሽ ስልክ ብቻ ይሁን» አሉ።

የኮሌጁን ዋይፋይ ስም የያዘ የውሸት ኔትወርክ አዘጋጀሁ። የገባበት ሰው ስምና ፓስወርድ ይጠየቃል፤ የጻፈው ነገር ላፕቶፔ ላይ ይወጣል። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር ያገናኘልኝ የላብ ባልደረባዬ ብርሃኑ ነው። ያን ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር። የአዳራሹ እውነተኛ ዋይፋይ አለመነሣቱን አላየሁም። በዚያ ስም አዳራሹ ውስጥ የነበረው ኔትወርክ የእኔ ብቻ ነበር።

በስልኬ የፈጠራ ስም አስገባሁ፤ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ተጨበጨበ። ወዲያው ከሥሩ ሌላ መስመር መጣ። የራሴ የተደገመ መሰለኝ። ሳነበው የሬጂስትራሩ ኃላፊ የጋሽ ሸሪፍ ስም ነው፤ ከጎኑ ፓስወርዳቸው።

«ያ የእኔ ነው!» ብለው ጋሽ ሸሪፍ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ስልካቸው በእጃቸው ነበር። ኢሜላቸውን ሊያዩ ገብተው ኖሯል።

ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ልነቅል ስል ገመዱ ፊቴ ሆኖ አጣሁት። አቶ መሰለ ሮጠው የፕሮጀክተሩን ሶኬት ነቀሉት። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ የሳቀ ግን የለም።

ጋሽ ሸሪፍ ወደ እኔ መጡ። አልተቆጡም፤ ያ ባሰብኝ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የስንቱን ተማሪ ውጤት የሚከፍት ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። አሁኑኑ ሄደን እንቀይረው።»

በዝናብ ወደ ሬጂስትራር ሮጥን። ፓስወርዱን ቀየሩ። በመሀል የገባ ሰው እንዳለ ለማረጋገጥ የውጤት ሲስተሙን የመግቢያ መዝገብ ከፈትኩ። በዚያ ቀን ከእሳቸው ሌላ የገባ የለም። ተነፈስኩ። ወደ ታች ስወርድ ግን ሌላ ነገር አየሁ። በእሳቸው ስም፣ ከእኛ ላብ ኮምፒውተር፣ እሁድ እሁድ ተገብቷል። ከወራት በፊት ጀምሮ።

«ጋሼ፣ እሁድ ይሠራሉ እንዴ?»

«እሁድማ አማን ከተማ ልጄ ቤት ነው የምውለው» አሉና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

የላቡ ቁልፍ የነበረው በሦስት ሰው እጅ ነው፤ በአቶ መሰለ፣ በብርሃኑና በእኔ። ፓስወርድ መስረቅ እንደምችል ደግሞ ያን ጠዋት ሰው ሁሉ አይቷል። የኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሥራ አገደኝ። ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። የኮሌጁ ጥበቃዎች ባይኖሩ ምን እንደሚውጠኝ እንጃ፤ እሁድ እሁድ ላብ ሲገባ ያዩት ብርሃኑን እንደሆነ መሰከሩ።

ብርሃኑ አልካደም። የጋሽ ሸሪፍን ኮምፒውተር ሲጠግን ፓስወርዱን ሲጽፉ አይቷል። «የአክስቴ ልጅ እንዳይባረር ብዬ ውጤት መለወጥ ጀመርኩ፤ ከዚያ ሌላውንም እምቢ ማለት አቃተኝ» አለ። ስምንት ዓመት አብረን ምሳ በልተናል። እኔ ታግጄ በነበረበት ጊዜ ቤቴ መጥቶ አይዞሽ ብሎኛል። 

ብርሃኑ ተከሰሰ። የተለወጡት ውጤቶች ከመምህራን የወረቀት መዝገብ ጋር እየተያዩ ተስተካከሉ። ጋሽ ሸሪፍ ኃላፊነታቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ በዚያው ሳምንት የምስጋናም የማስጠንቀቂያም ደብዳቤ ደረሰኝ። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቀጥታ ሳሳይ የተሰብሳቢው ስልክ የማይደርስበት ዝግ ኔትወርክ እጠቀማለሁ፤ ፓስወርዱም ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። በዚያ ሰበብ ሌባ መገኘቱ የእኔን ጥፋት ትክክል አላደረገውም።