ለአባቴ የወረወርኩት ፎጣ

አባቴን ወደ ቤት ልወስደው ሲቀላ ሰፈር ወዳለው የቦክስ አዳራሽ ስገባ የመታሻ ቅባት ሽታ ተቀበለኝ። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ወደ አንድ የልጅነት ከሰዓት ይመልሰኛል።

በቀላል ክብደት ይጋጠም የነበረው አባቴ ያን ቀን ከአዲስ አበባ ተሸንፎ ተመልሷል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። እናቴ ትከሻውን በቅባት እያሸች፣ "ምነው ቀደም ብለህ ባቆምክ?" አለችው።

"ብቻዬን ሄጄ ማን ያስቁመኝ? ፎጣ የሚወረውርልኝ ሰው አጣሁ" አላት ድክም ባለ ድምፅ።

ፎጣ መወርወር ግጥሚያ ማስቆም መሆኑን አላወቅኩም። ላቡን የሚጠርግበት ያጣ መሰለኝ። ጓሮ ከተሰጣው ልብስ መሃል ፎጣ አምጥቼ ጭኑ ላይ ወረወርኩለት። እናቴ ልትቆጣኝ ስትል እጇን ያዛት። ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ ብዙ ቆየ።

"በቃ፤ ልጄ አስቆመችኝ" አለ። ከዚያ ወዲያ ተጋጥሞ አያውቅም።

ዛሬ አሰልጣኝ ነው። ጉልበቱ ስለከዳው ግድግዳ ተደግፎ የሚያሰለጥናቸውን ልጆች ያያል።

"አባዬ፣ ደክሞሃል፤ እንሂድ" አልኩት።

"እነዚህን ብቻቸውን ትቼ?" አለኝና ወንበር ሳበልኝ።