የእማማ ጣይባን እጅ ያስፈራ ራስ

እማማ ጣይባ አዋላጅ ናቸው። በቀወት ቆላ በእሳቸው እጅ ያልተወለደ ሰው ካለ አንድም መጤ ነው፣ አንድም በዕድሜ ይበልጣቸዋል። ሐኪም ቤት አይወዱም። «ሐኪም በመሣሪያ የሚፈልገውን እኔ በመዳፌ አገኘዋለሁ» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግን የሙሚናን የስምንት ወር ሆድ ዳብሰው ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ብቻውን መንደሩን አስደነገጠ። የጽንሱ ራስ ከልክ ያለፈ ትልቅ ነበር። ከዓመታት በፊት ጭንቅላቱ ውሃ የቋጠረ ሕፃን እጃቸው ላይ ሞቶባቸዋል። ፈሩ። ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው፣ «አዲስ አበባ ሆድ ውስጥ የሚያይ መኪና መጥቷል አሉ፤ እንሂድ» አሉ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ሲጽፍ የጉዞው ምክንያት ላይ ብዙ ተጨነቀና «ራስ ለማሳየት» ብሎ ማኅተሙን መታበት። እማማ ጣይባ፣ ሙሚናና ባሏ ሳልህ ከሸዋ ሮቢት በጭነት መኪና ተሳፈሩ። ደብረ ሲና ላይ ብርዱ ሲጠና እማማ ጣይባ የሙሚናን ሆድ ጋቢያቸውን አለበሱት። 

አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ዶክተር መሠረት የሙሚናን ሆድ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትትበት እማማ ጣይባ ምስሉ በሚታይበት የመሣሪያው መስኮት ላይ አፈጠጡ።

«ልጁ ይሄ ጭጋግ ነው?»

«ይኸው ራሱ፣ እማማ። ይሄ አንጎሉ ነው። ውሃ ቋጥሮ ቢሆን እዚህ ጋ ተወጥሮ ይታይ ነበር። ሁሉም በቦታው ነው፤ ራሱ ብቻ ነው ትልቅ።» ቀና አለችና፣ «አባትየው የታሉ?» አለች።

ሳልህ ገባ። ጥምጣምዎን ይፍቱ ሲባል እንደ ሙሽራ አቀረቀረ። ፈታው፣ ፈታው፣ ጥምጣሙ አለቀ፤ ራሱ ግን ያው ነበር። ዶክተሯ በሜትር ለካችው፤ አላመነችም፣ ደግማ ለካችው።

«ልጁ አልታመመም፤ አባቱን ነው የወጣው» አለች።

ሙሚና ሳቋና ልቅሶዋ ተቀላቀለባት። እማማ ጣይባ ግን ግንባራቸውን መቱ።

«ወላሂ ሞኟስ እኔ ነኝ። ይህንኑ ራስ ሁለት ቀን ታግዬ ያወጣሁት እኔ አይደለሁ?»

ዶክተሯ ሙሚና ሆስፒታል መውለድ እንዳለባት ስትናገር ሳልህ ይቆጣሉ ብሎ አሮጊቷን በፍርሃት አያቸው። እሳቸው የሙሚናን እጅ ይዘው ዕንባቸውን እየጠረጉ ነበር።

«እዚሁ ትውለድ» አሉት። «እናትህ ያን ራስ ካዋለድኳት በኋላ ሦስት ዓመት ሰላምታ ነሥታኝ ነበር። ይችን ግን ማጣት አልፈልግም።»