ሕዋሶቹ እየተባዙ ነው

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤታችን የባዮሎጂ ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። የተመረጥኩት ከሌሎቹ ስለምበልጥ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ዕቃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ፊደል ከለየሁበት ቀን ጀምሮ መስመር እንዳልስት አጠገቤ ቆሞ ነው ያሳደገኝ።

ክበቡ አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩት። ላቦራቶሪ ተብሎ በተሰጠን ክፍል ውስጥ አንድ የተሰበረ ሚዛንና ብልቃጥ ውስጥ የተዘፈዘፈ እባብ ብቻ ነበር። መምህራችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ የድሬ ሙቀት ያልተስማማው፣ መሐረብ ከእጁ የማይለይ ወጣት ነው። አንድ ቀን «ዕቃ የለንም ብላችሁ አታልቅሱ» አለን። «ነገ ሁላችሁም ከየቤታችሁ በጠርሙስ እርሾ ይዛችሁ ኑ።»

አመጣን። የማሽላ፣ የስንዴ፣ የጤፍ እርሾ። ዱቄትና ስኳር አበላነው፣ በየጠርሙሱ አፍ ላይ ፊኛ አሰርን፣ ፊኛው ሲነፋ ወገቡን በክር ለካን። ቁጥሩን እየጮኸ የሚነግረኝ የክበቡ ሊቀመንበር ነበር። ረጅም ልጅ ነው፤ እናቱ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ በልቡ ሲቆጥር በኦሮምኛ፣ ለኔ ሲነግረኝ በአማርኛ ነበር። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ቤተሰቡ ተፈናቅሎ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም አባቱ ሲሞት ሌላ አንድ ዓመት ከትምህርት ቀርቷል። ሃያ ዓመቱ ነበር። ቀበሌ የተመዘገበው ግን አሥራ ስድስት ተብሎ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ በየመንገዱ ሲታፈስ እናቱ ያገኘችው መላ ይኸው ነበር። ይህን ከቤተሰቡ ውጪ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የክበቡ መዝገብ በኔ እጅ ስለሆነና ለትምህርት ቤቱ እውነተኛ ዕድሜውን ስለሰጠ፣ የቀበሌውን ደግሞ ራሱ ስለነገረኝ።

መምህራችን ሐረር የሚያስተምር ጓደኛ ነበረው። እነሱም ክበብ አላቸው፤ እነሱም እርሾ ይዘዋል። ሁለቱ መምህራን ተነጋግረው እኛን ለማገናኘት ሦስት ወር ፈጀባቸው። ትምህርት ቤቱ ለቀበሌ ጻፈ፣ ቀበሌው ወደ በላይ ጻፈ፣ በመጨረሻ ለስድስት ልጆች የይለፍ ወረቀት ተሰጠን። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ በር ያላት ከተማ ነበረች። ባቡሩ በየቀኑ እየጮኸ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ እኛ ግን ያለ ወረቀት ዳገቱን ወጥተን ሐረርን ማየት አንችልም። ቤተሰብ ሳይከተለኝ ከከተማ ስወጣ ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። አውቶቡሱ ኬላውን አልፎ ብርዱ ፊቴን ሲነካኝ ያለ ምክንያት ሳቅኩ።

የሐረሮቹ መሪ ሻሽ ያሰረች ፈጣን ልጅ ናት። ከጓደኞቿ ጋር በአደርኛ ተንሾካሽካ ወደኛ ስትዞር በአማርኛ ትሞግተናለች። ክራችንን አይታ፣ «በዚህ ነው የምትለኩት? አቦ፣ ይኼ የልብስ ሰፊ ሥራ ነው!» አለች።

«እናንተስ በምን ትለካላችሁ?» አላት ሊቀመንበራችን።

«እንቆጥራለን» ብላ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎተተችው።

አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነበራቸው። ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ሳስጠጋ እርሾውን አየሁት። ክብ ክብ፣ ጥርት ያሉ ሕዋሶች፤ ከትልቋ ጎን ትንሿ እንደ ቡቃያ ብቅ ስትል። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው። ተነሺ እስኪሉኝ ድረስ አልተነሳሁም።

የነሱ እርሾ በብርዱ ሰንፎ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ የኛ በሙቀቱ ፈጥኖ ይነፋና ወዲያው ይሞታል። ከዚህ ተነስተን እስከ ምሳ ተከራከርን። ልዩነቱ ከአየሩ ነው ወይስ ከእርሾው ከራሱ? «እንለዋወጥና እንየው» አለ ሊቀመንበራችን። «የናንተን እኛ ጋ፣ የኛን እናንተ ጋ። ከዚያ ደግሞ ሁለቱን እንቀላቅላለን።» ልጅቷ ደብተሯን አወጣች። ሊጠብቀን የተላከው የወጣት ማኅበር ተወካይ የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። በየወሩ በደብዳቤ ልንገናኝ፣ በዓመቱ መጨረሻ እነሱ ወደ ድሬ ሊመጡ ተስማማን።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፖስታ ቤት ሳምንት ስለሚፈጅ ለምናውቀው የአውቶቡስ ሹፌር ሰጠነው። ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ ሲፈተሽ ከመቀመጫው ሥር ተገኘ። እንዲህ ይላል፦ «ከእናንተ የመጡት ሕዋሶች ከእኛዎቹ ጋር ተቀላቅለው በሚገባ እየተባዙ ነው። ሙቀቱ ከጨመረ እንደሚፈነዱ እናምናለን። ቁጥራቸውን በሚቀጥለው ስብሰባ እናሳውቃለን።»

ያኔ ሕዋስ ማለት ለመንግሥት ሰው እርሾ ማለት አልነበረም። በድብቅ የሚሰበሰብ የጠላት ድርጅት ቡድን ማለት ነው። በዚህ ቃል የተነሳ የሞቱ ሰዎች በሰፈራችን ነበሩ።

ሐሙስ ጠዋት ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። የቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር ዘጉብኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። ረፋዱ ላይ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። ሴቶቹ ምን እንዳደረግኩ ጠየቁኝ፤ «እርሾ» አልኳቸው። አንዷ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ ያተኮሰኝ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ካኪ የለበሰ፣ ከላይ የመጣ ሰው ፊት አቀረቡኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጎረቤታችን፣ አጠገቡ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

«የማን ሕዋስ ነው?» አለኝ።

«የእርሾ ነው ጓድ።»

«የሚፈነዳው ምንድን ነው?»

«ፊኛው።»

በጥፊ መታኝ። ሲመታኝ አልተቆጣም፤ ፋይል እንደሚዘጋ ሰው ነው። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደኔ ገፋ። «የአባላቱን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ጻፊ። ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር እናመሳክረዋለን። አንድ ፊደል ብትዋሺ፣ መሰወር የፈለጋችሁት ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ መምህርሽ ከዚህ አይወጣም።»

መምህራችን የታሰረው በማግስቱ ዓርብ እንደነበረ በኋላ ነው የሰማሁት፤ በዚያች ሰዓት ግን ቀድሞ የታሰረ መስሎኝ፣ አጠገቤ ያለ ያህል መሐረቡ ታየኝ። አሥራ አንዱን ስም ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛው፣ የክበባችን ሊቀመንበር ላይ እስክሪብቶው ቆመ። አሥራ ስድስት ብዬ ብጽፍ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጋጫል፤ ውሸቱ የሁላችንም ይሆናል። ሃያ ብዬ ብጽፍ ከቀበሌው መዝገብ ይጋጫል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ እዚያው ተቀምጧል፤ የምልመላ ኮታ እንዳለበትም ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስሙን ልተወው አሰብኩ። መሪ የሌለው ክበብ ነው ብል ማን ያምነኛል? ላብ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ ሰውየው።

ሃያ ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መምህራችንን ከነጠርሙሶቹ አመጡት። ሰውየው ፊት እርሾውን ስኳር አበላው፤ ሁላችንም ፊኛው እስኪነፋ ተቀምጠን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። ፊኛው ቀና ሲል ካኪ ለባሹ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ አሸተተው፣ «ለዚህ ነው?» አለና ወጥቶ ሄደ። እኔንና መምህራችንን ለቀቁን፤ ማንም ይቅርታ አልጠየቀንም። ሹፌሩም በሳምንቱ ተለቀቀ። ክበቡ ተዘጋ፤ እኔ በየቅዳሜው ቀበሌ እየሄድኩ እንድፈርም ታዘዝኩ። ይለፍ ወረቀት ለሁለት ዓመት ተከለከልኩ። ሐረሮቹ እንዴት እንደሆኑ የምጠይቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ሊቀመንበራችንን ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት በር ላይ ወሰዱት። ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ተላከ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን። እናቱ ነገሩን ከማን እንደሰማች አላውቅም። ቀፊራ ስሄድ እኔን ካየች ፊቷን ወደ ጆንያዎቿ ታዞራለች። አንድ ቀን በርበሬ ልገዛ ጠጋ ብል፣ «የለም» አለችኝ። በርበሬው ከፊቷ ተቆልሎ ነበር። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። «ልጄ፣ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምጽፈው» አለኝ። እንዲህ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። እሱም ከሳምንታት በኋላ ምልክቱ የተነቀለ የወታደር ጃኬት ለብሶ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ደረሰ አሉኝ። እኔ ያኔ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ቤቱ ለመሄድ እስክደፍር አራት ቀን ፈጀብኝ። መጋላ ሰፈር፣ የቤታቸው ደጃፍ ላይ ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ሃያ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

«አውቃለሁ። የወሰዱኝ ዕለት ነግረውኛል።»

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስተካከለው። «እኔ እንጃ» አለ። «እዚያ እያለሁ አንዳንድ ቀን፣ አሥራ ስድስት ብላ በጻፈች እላለሁ። አንዳንድ ቀን መምህሩ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ተነሱ ይሉናል፣ እንነሳለን።»

በለቀቀልኝ ቦታ ተቀመጥኩ።

እናቱ ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየችን። አልፋን ገባች። ትንሽ ቆይታ ከውስጥ በኦሮምኛ ጠራችው፤ ከዚያ ወደኔ ሳትዞር «አንቺም ግቢ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለች። ሦስታችን ከአንድ ሳህን በላን። እሷ ለእሱ ብቻ እየቆረሰች ትጨምርለታለች፤ እኔ ከፊቴ ያለውን እበላለሁ። ሲያልቅ እጄን አስታጠበችኝ።

ስወጣ ፀሐዩ ገና አልበረደም ነበር። ወደ ቤቴ የሚታጠፈውን መንገድ ሁለት ጊዜ አልፌው ተመለስኩ።