የማይገለበጠው ባጃጅ

ዓረብ አገር የሠራሁበት ቤት አባወራ በትእዛዝ ያሠራት መኪና ነበረችው። መቀመጫዋ እንደ ልብስ በእሱ ወገብ ልክ የተሠራ ነው። አካሏ ከካርቦን ክር የተሸመነ ስለሆነ ትቀላለች፤ ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ ነው፤ በስመ አብ ብለው አማትበው ሳይጨርሱ መቶ ትገባለች። አቧራዋን የምወለውለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሾፌሩን ይህ ከኋላዋ ያለው ክንፍ ለምኗ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እንዳትበር ነው አለኝ። ነፋሱ ክንፉን ወደ ታች ሲጫነው ጎማዋ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ዝቅ ብላ ጎኗ ስለሰፋ ደግሞ ኩርባ ላይ አትገለበጥም።

ደብረ ታቦር ተመልሼ ይህን ለወንድሜ ማውራቴ ነው ጣጣው። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ገሳይ በምትባለው አጎራባች ከተማ የምትኖር ልጅ ወዶ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባትየው ባጃጅ ይገለበጣል፣ ልጄን ለሚገለበጥ ነገር አልሰጥም ብለው መልሰዋቸዋል። ታላቂቱ ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ቀርታባቸዋለች፤ ያለቻቸው ይቺው ናት። ወንድሜ እህል አልቀምስ ብሎ ሰነበተ።

የመኪናዋን ወሬ ሲሰማ ግን ዓይኑ በራ። በነጋታው ባጃጇን በያጅ ቤት አስገብቶ የኋላ ጎማዎቿን ወደ ጎን አስወጣ፤ ሞላዋን አሳጥሮ ሆዷን ዝቅ አደረገ፤ ከኋላ የቆርቆሮ ክንፍ አሠራላት። ስትቆም ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ መሰለች። ለባጃጅ ፍጥነት ክንፍ ምን ይሠራል ብዬ ብጠይቀው፣ አንቺ ወልዋይ እንጂ መሐንዲስ አይደለሽም አለኝ።

ባጃጄ ከእንግዲህ አይገለበጥም ብሎ ለአባትየው አስልኮ ባስያዘው ቀጠሮ ቀን፣ አጎታችንና ሁለት ሽማግሎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ባጃጇ ላይ ተሳፈሩ። እኔ በሚኒባስ ቀድሜ ገሳይ ገባሁና ከልጅቷ ጋር በጓዳ መስኮት መንገዱን እናይ ጀመር። ጠበቅን፣ ጠበቅን። በመጨረሻ ብቅ አሉ፤ ባጃጇ ከፊት፣ ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ታጥቀው ከኋላ እየገፉ። በኋላ እንደሰማነው ኩርባውን ሁሉ ንቅንቅ ሳትል አልፋለች። ነገር ግን በየጉብታው ሆዷ እየተሰቀለ ሽማግሎቹ ሲወርዱ ሲሳፈሩ ውለው፣ ከአስፋልቱ ወርደው የጭቃውን መንገድ ሲጀምሩ ጭራሽ ተኝታባቸዋለች።

አባትየው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሁሉንም አዩ። እሺታ ሳይሰሙ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ሽማግሎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቆሙ። ወንድሜ ከባጃጇ ጀርባ ተደብቋል። ልጅቷ አለቀልን ብላ ክንዴን ቧጠጠችው፤ እኔም ምላሴን ረገምኩ።

"አሁንም አይገለበጥም ነው የምትሉኝ?" አሉ አባትየው።

"ኧረ አይገለበጥም" አሉ አጎታችን እያለከለኩ። "መቼ ሄደና።"

አባትየው ሳቁ። እህቴ ከቀረች ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው አለችኝ ልጅቷ። ከዚያ የቆርቆሮውን ክንፍ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ልጄ በዚችስ ሩቅ አትሄድብኝም" አሉ። "ተቀመጡ።"