ቅቤ ቅቤ የሸተተኝ የሁዳዴ ድንች

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። በማሽተት ደግሞ ማንም አይደርስብኝም። ስለዚህ ወንድሜ ያገባት የወልዲያ ልጅ በሁዳዴ የሠራችው ድንች ቅቤ ቅቤ ሲሸተኝ፣ ነገሩ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ።

ያኔ፣ ሰቆጣ ባጃጅ ሳይገባ በፊት፣ ቤት ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ እኔና እሷ ነን። ወንድሜ ሰሃላ አስተማሪ ሆኖ ስለተመደበ ሚስቱን እኛ ዘንድ ትቷት ሄዷል። እናቴ በጥምቀት ሰሞን ታማ ተነሥታ ገና አቅም አላገኘችም። የነፍስ አባቷ "ሕመምተኛ ነዎት፣ ጾሙን ይግደፉ" ቢሏት "ከቆረብኩ ወዲያ? ሞቼ ነው!" አለች። እኔ በጨውና በእርድ የምቀቅልላትን ድንች ሁለት ጉርሻ ሳትጨርስ ትገፋዋለች።

አንድ ቀን ሙሽራዋ "እትዬ፣ ዛሬ እኔ ልሞክር" አለችኝና ማድ ቤት ገባች። ቅቅሉን ድንች በእጇ ፈርከስ ፈርከስ አድርጋ፣ በርበሬውን ደህና አድርጋ አቁላልታ አቀረበች። እናቴ ሳህኑን ጠረገችው። "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!" በማግሥቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ። ፊቷ ላይ ደም መታየት ጀመረ።

እኔ ግን ምን ደስ ይለኛል! ስትሠራ በሩን ትዘጋለች፤ ጭሱ እማማን እንዳያስላቸው ነው ትላለች። ቅናትም ነበረበት፤ ስንት ዓመት ያበሰልኩት እኔ፣ ምርቃቱ ለትናንት ገቢ! ለፋሲካ ያስቀመጥነውን የቅቤ ቅል አወረድኩና ቅቤው ላይ በጥፍሬ ምልክት አድርጌ መልሼ ሰቀልኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ባየው ማንም አልነካውም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍራል። እኔ "አሃ፣ ከቤቷ ይዛ መጥታለች!" አልኩ። ሳጥኗን በረበርኩ፤ ምንም የለም። ባለማግኘቴ ይበልጥ ጠረጠርኩ።

ክፉ ናት ብዬ እንኳ አልነበረም። ለእናቴ አዝና፣ እንዳትሞት ብላ ደብቃ የምታበላት መሰለኝ። ይኼው ነው ያስጨነቀኝ፤ ዝም ብል የእናቴን ጾም ማስገደፌ፣ ብናገር ምግቧን ከአፏ መንጠቄ ነው። ሁለት ቀን አመነታሁ። በሦስተኛው ምላሴ ቀደመኝ።

"እማ፣ ቅቤ ነው የምትበዪው" አልኳት።

ጉርሻውን ከአፏ አወጣችው። ሙሽራዋን ጠርታ አልጠየቀቻትም፤ በኽምጣንጋ ብቻዋን ታጉተመትማለች። ያቺ ቋንቋውን አትሰማም። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ እንባዋን እየዋጠች ሳህን ታቀርባለች፣ ሙሉውን ሳህን ትመልሳለች። እናቴ ሦስት ቀን ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ያኔ ፈራሁ። በገዛ አፌ ገደልኳት ብዬ ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ሙሽራዋን ማድ ቤት ገብቼ "ቅቤውን ከየት ነው የምታመጪው?" አልኳት።

"የምን ቅቤ?"

"አትሸውጂኝ፣ አፍንጫ አለኝ!"

አየችኝ፣ አየችኝና የከሰል ማንደጃውን አንሥታ እናቴ አልጋ አጠገብ አስቀመጠችው። የኑግ ዘይቱን ጠርሙስ አምጥታ "እማማ፣ እስቲ ያሽትቱት" አለቻት። ዘይቱን ድስት ውስጥ ገልብጣ፣ ቅቤ ሲነጠር የሚገባውን ቅመም ሁሉ፣ ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ አብሹን ጨመረችበት። ሲሞቅ ቤቱ ፋሲካ ፋሲካ ሸተተ።

"ወልዲያ እናቴ በጾም ዘይቱን እንዲህ አድርጋ ነው የምታነጥረው" አለች።

ለካ አፍንጫዬ የሚያውቀው ቅቤውን ሳይሆን ኮሰረቱን ኖሯል! እናቴ የዚያን ቀን ድንቹን በላች፣ ድገሚኝም አለች። ለእኔ በኽምጣንጋ የተናገረችውን ወደ አማርኛ አልመልሰውም።

ሙሽራዋን ይቅርታ ጠየቅኋት። "ኧረ ምንም አይደል፣ እትዬ" አለችኝ። እኔም አለፈ ብዬ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ድንች በሠራች ቁጥር ዘይቱን ከማፍሰሷ በፊት "እትዬ፣ ይምጡ ይዩ" ብላ ትጠራኛለች። ወንድሜ ተዛውሮ መጣ፣ ልጆች ወለዱ፣ እናቴም ዐረፈች፤ እሷ ግን አልተወችም። በፍስክ ቀን፣ የእውነቱን ቅቤ በምትጨምርበት ቀን ሳይቀር ትጠራኛለች። ሥራ ይዣለሁ ብላት እንኳ ማንኪያውን እንደያዘች ቆማ ትጠብቀኛለች።